ሁለት ጊዜ የተጫኑት ቁልፍ



የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ አበው። የዛሬው ንግግራችን በኤክሴል መዝገብ ላይ ስለሚሠራው ማክሮ፣ ይኸውም አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ብዙውን የጽሕፈት ሥራ በራሱ ስለሚፈጽመው የትእዛዞች ስብስብ ነው። ማይክሮሶፍት ማክሮ የሚጻፍበትን ቪቢኤ የተባለ ቋንቋ በ1993 እ.ኤ.አ. ከኤክሴል ጋር ካቀረበው ወዲህ ብዙ መሥሪያ ቤት ተጠቅሞበታል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በሶሮ ወረዳ ዋና ከተማ በጊምቢቹ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ 40 እሽግ ወረቀት በሞዴል 19 ተረክቦ በኤክሴል ገቢ ሊያደርግ ነው እንበል። «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ኮምፒዩተሩ ዝም ይላል፤ ያልሰማው መስሎት ደግሞ ይጫናል። በመዝገቡም 80 እሽግ ይሰፍራል። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ በግምጃ ቤቱ የሚገኘው ከመዝገቡ በ40 ያንሳል። ያ ሰው አንዲት ቅጠል ወረቀት ሳይነካ በጉድለት ይጠየቃል።

ስሕተቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ማክሮው በሥራ ላይ ሳለ ኤክሴል ሌላ ትእዛዝ ወዲያው አይፈጽምም፤ ሁለተኛው ትእዛዝ ግን አይጠፋም፤ ተራ ይዞ ይቆይና የፊተኛው ሲያልቅ ሥራውን እንደገና ያስጀምራል።

መድኀኒቱ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ማክሮው ሥራ ሲጀምር ቁልፉን ያግደው፤ ይህም «ኢኔብልድ» የሚባለውን ጠባይ «ፎልስ» በማድረግ ይፈጸማል። መልሶ ከመክፈቱ በፊት ግን «ዱኢቬንትስ» የተባለውን ትእዛዝ ጻፉለት፤ ያን ጊዜ ተራ ይዘው የቆዩት ትእዛዞች በታገደው ቁልፍ ላይ ወድቀው ይቀራሉ። ይህ ከተረሳ ማገዱ ከንቱ ነው። ማክሮው በመካከል ቢሰናከልም ቁልፉ ታግዶ እንዳይቀር፣ «ኦን ኤረር» በሚባለው ትእዛዝ መክፈቻውን አዘጋጁለት።

ሁለተኛ፣ ሰው ደግሞ የሚጫነው መልስ ስላጣ ነውና በቁልፉ ላይ «በሥራ ላይ» የሚል ቃል ይታይ፤ ሥራው ሲያበቃም የሞዴሉን ቁጥር ጠቅሶ «ተመዝግቧል» ይበል።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው። ቁልፍን ማገድ የሚገታው የዛሬን እጅ ብቻ ነው፤ ሠራተኛው ነገ ዘንግቶ ያንኑ ሞዴል ቢመዘግብ አያድነውም። ስለዚህ ማክሮው ከመጻፉ አስቀድሞ የሞዴሉን ቁጥርና የዕቃውን ዐይነት አንድ ላይ በመዝገቡ ይፈልግ፤ ካገኛቸው እምቢ ይበል።

ማክሮ የምትጽፉ ሁሉ ይህን አትተዉ። ቁልፉን የምትጫኑም፣ መልስ ባጣችሁ ጊዜ ደግማችሁ ከመጫናችሁ በፊት የመዝገቡን የመጨረሻ ረድፍ ተመልከቱ። በዚያ ረድፍ ላይ ያለው የዕቃ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የሰው ስምም አለበት።