የገና ቅርጫ ከኅዳር ይጀምራል

(በኅዳር ወር መግቢያ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)

የማሽላው ሥራ እየጠበቃችሁ፣ ሙቀቱም እንዲህ ሆኖ መምጣታችሁን እናመሰግናለን። ዛሬ የማኅበሩን ደብተር የምንይዘው እኛ እንድንናገር የተሰጠን ርእስ የገና ድግስ ነው። ጾሙ እንኳ ሳይገባ ስለ ሥጋ ማውራታችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስቅ አይቀርም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ገና ደግሞ ታኅሣሥ 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ ሲሆን 28። ነገር ግን ሒሳብ የሚሠራ ሰው በዓሉን የሚቆጥረው ከሚበላበት ቀን ሳይሆን ገንዘቡ ከሚወጣበት ቀን ጀምሮ ነው። በመተማና በአካባቢው ቆላ የገና ገንዘብ የሚገኘውም የሚጠፋውም ሰሊጡ በሚሸጥበት በጥቅምትና በኅዳር ነው።

እንዴት እንደሚጠፋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኩንታሉ ሲሸጥ ብሩ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ከዚያ ላይ ለአራሚና ለአጫጅ ይከፈላል፣ የትራክተር ኪራይ ይከፈላል፣ ክረምቱን የተበላው የሱቅ ዱቤ ይከፈላል፣ የልጆች ልብስና ደብተር ይገዛል። የቀረው እጅ ላይ ሲዞር ይሰነብትና ታኅሣሥ ሲደርስ የለም። የበዓሉ ሳምንት ላይ በሬው፣ ዶሮው፣ ቅቤው ሁሉ አብሮ ይወደዳል። በዚያ ሳምንት የሚበደር ሰው ወለዱን አይጠይቅም፤ የሚያስበው ልጆቹን ብቻ ነው። አበዳሪውም ይህን ያውቃል።

እስቲ በብር እንየው። አንዲት እናት ለገና ብላ 10,000 ብር በወር 10 በመቶ አራጣ ብትወስድ፣ የምትመልሰውም በሚቀጥለው ጥቅምት ሰሊጥ ስትሸጥ ቢሆን፣ 10 ወር ነው። ወለዱ ብቻ 10,000 ብር ይሆናል፤ ይህም ወለዱ ራሱ ሌላ ወለድ ካልወለደ ነው። አንድ ገና በልታ የሁለት ገና ከፈለች። እህሏን ገና ማሳ ላይ እያለ በርካሽ አስይዛ የምትበደረውማ የባሰባት ናት፤ ስንት እንደከፈለች እንኳ ቆጥራ አታውቀውም።

ባለፈው ስብሰባ «ማኅበሩ የተቋቋመው ለቁጠባና ለሥራ እንጂ ሥጋ ለመብላት አይደለም» ያላችሁ ነበራችሁ። ሐሳቡን እናከብራለን፤ ግን አንስማማበትም። ደብተራችንን ስናገላብጥ ሳምንታዊው ቁጠባ በብዛት የሚቋረጠው በጥርና በየካቲት ነው። ለምን ቢባል የበዓሉ ዕዳ ያኔ ነው ደጅ የሚቆመው። ስለዚህ ገናን ከሒሳባችን ውጪ ብንተወው እሱ ራሱ ሒሳባችን ውስጥ ይገባል፣ ያውም ሳይጠሩት። በዓልን «አትደግሱ» ብለን የምንመክር ደግሞ አይደለንም። ስድስት ሳምንት ከጾመ ቤት ውስጥ የዶሮ ወጥ ሽታ እንዳይሸት መምከር ሰውን አለማወቅ ነው።

አሁን ወደ ቅርጫው እንምጣ። ቅርጫ እንዴት እንደሚሠራ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልብ በሉልን፤ የቅርጫው ዝርዝር የት ነው የሚጻፈው? ጠላ ቤት ነው፣ ወይም ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ጥላ ሥር፣ በወንዶቹ መካከል ነው። «የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ቤት» እየተባለ ይሞላል። ባሏ የሞተባት፣ ባሏ ለሥራ ወጥቶ በዚያው የቀረባት፣ ከደጋ ወርዳ ገና ጎረቤት ያላበጀችው ስሟ አይነሳም። ማንም ክፉ አስቦባት አይደለም፤ ስሟን የሚያነሳ ስለሌላት ነው። እንዲህ ያለችው እናት በዓሉ ዋዜማ ላይ ሥጋ ቤት ሄዳ በኪሎ ትገዛለች፣ ያውም ከሁሉም በሚወደደው ዋጋ። ልጆቿ ደግሞ ከጎረቤት ቤት ምን እንደተሰቀለ ያያሉ። ይህን የምናወራው ለማሳዘን አይደለም። ከመካከላችን ስንቶቻችን በዚህ ውስጥ እንዳለፍን እናውቃለን፣ ስም ግን አንጠራም።

ስለዚህ ዘንድሮ ዝርዝሩ እዚህ ይጻፍ ብለናል። ዕቅዱን በምሳሌ እናስረዳ፤ ቁጥሩ ገበያው ሲታወቅ ይስተካከላል። በሬው 78,000 ብር ቢገዛ፣ ለጠባቂ፣ ለገመድ፣ ለአራጅና ለመሳሰለው 6,000 ብር ብንይዝ፣ ድምሩ 84,000 ነው። በ10 መደብ ሲካፈል ለአንዱ መደብ 8,400 ብር ይደርሳል። 6ቱን መደብ ሰሊጥ የሸጣችሁ ስድስት አባላት አሁኑኑ ሙሉውን ትከፍሉበታላችሁ፤ 50,400 ብር ይሆናል። የቀሩት 4 መደቦች ለሁለት ለሁለት ይገመሳሉ፤ ሻይ የምትሸጡ፣ ጠላ የምትጠምቁ፣ የቀን ሥራ የምትሠሩ ስምንት አባላት ግማሽ ግማሽ መደብ ትይዛላችሁ። ለአንዷ 4,200 ብር ነው። በሰባት እሁድ ሲከፈል በሳምንት 600 ብር። በድምሩ 14 ቤት ማለት ነው፣ ከአንድ በሬ።

በሬው የሚገዛው ግን ኅዳር ሲያልቅ ነው፣ ታኅሣሥ 27 አይደለም። በዚያን ጊዜ ግማሽ መደብ የያዙት አራት እሁድ ከፍለዋል፤ 19,200 ብር። ከሙሉ ከፋዮቹ ጋር 69,600 ይሆናል። ለ78,000 የጎደለው 8,400 ብር ነው፤ ይኸውም የአንድ መደብ ዋጋ። እሱን ከተዘዋዋሪው ገንዘብ ያለወለድ ማኅበሩ ያስቀድማል፤ በታኅሣሥ በቀሩት ሦስት እሁዶች ከሚገባው ላይ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። የቀረው ለወጪው ይውላል። ማኅበሩ ለአራት ሳምንት ያህል 8,400 ብር ቢያበድር የሚከስረው ነገር የለም። የምታተርፉት እናንተ ናችሁ።

ቀድሞ መግዛት የራሱ ጣጣ አለው፤ ይህን አንሸሽግም። በሬው ወር ሙሉ ይበላል። ደግነቱ የማሽላው አገዳ በዚህ ወቅት በየማሳው ሞልቷል። ሌላው ስርቆት ነው፤ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው መቅጠር ያስፈልጋል፣ ለዚህም ነው ወጪው ውስጥ ያስገባነው። «ቢሞትስ?» የምትሉም አላችሁ። ከመግዛታችን በፊት የእንስሳት ሐኪም ያየዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ቢደርስ ጉዳቱ እንደየመደቡ ለሁሉም ይካፈላል፤ ግማሽ የያዘች ግማሽ ትከስራለች። ይህ አሁን፣ በሬው በጤናው ቆሞ እያለ መጻፍና መፈረም አለበት። በሬ ከሞተ በኋላ የሚደረግ ስምምነት ጠብ እንጂ ስምምነት አይደለም። ቆዳውን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ፤ ዛሬ የሚያወጣው ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ለአራጁ ቢሰጥ ይሻላል። ጭንቅላቱና እግሩ ግን በጽሑፍ ይያዝ፤ የቅርጫ ቅያሜ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከሻኛ ሳይሆን ከእንዲህ ያለው ነው።

የበዓሉ ዕለት በሬው ሊነጋጋ ሲል ይታረድ። እኛ ደገኞች አይደለንም፤ ሦስት ሰዓት ካለፈ ፀሐዩ ሥጋውን ይቀድመናል። ሥጋው በመደብ በመደብ ተደልድሎ ዕጣው ሲጣል ዕጣውን የሚያስቀምጠው ነገሩን ያላየ ሕፃን ይሁን፣ እንደ ልማዱ። ጉበቱና ጨጓራው እዚያው ለዱለት ይሆናል። ግማሽ መደብ የያዛችሁ ደግሞ በዓይን ግምት አትካፈሉ፤ ሚዛን እናመጣለን። ማቀዝቀዣ ያለን ጥቂት ነን፤ ያለንም መብራት ሲኖር ነው። ስለዚህ በዕለቱ የማይበላው ሥጋ ያንኑ ጠዋት ይዘልዘል፣ ጨውና በርበሬ ይነካው፣ ከዝንብ ተጠብቆ ጥላ ሥር ይሰቀል። የታኅሣሥ አየር ደረቅ ስለሆነ ቋንጣ ለማድረቅ የሚመች ነው። ግማሽ መደብ ያላት ቤት በቋንጣ ፍርፍር ከጥምቀት ማዶ ትሻገርበታለች። ጥሬ ሥጋ ለምትወዱ ደግሞ የኮሶውን ነገር አስቡበት፤ ከዚህ በላይ አንልም።

ስለ ሌላው የማድቤት ወጪ ባጭሩ እንናገር። የማይበላሸው ከአሁኑ ይገዛ፤ በርበሬው፣ ጌሾው፣ ተነጥሮ የሚቀመጠው ቅቤ። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ሎሚውና እንቁላሉ ግን በዚህ ሙቀት አይቆዩምና በመጨረሻው ሳምንት ይሁን። ሽንኩርቱን አንድ ሰው ገበያ ወጥቶ ለ14ቱም ቤት በኩንታል ቢገዛ በኪሎ ከመግዛት ይረክሳል። ጤፍ ከደጋ ነው የሚወርድልን፤ መንገድ ሲዘጋ ዋጋው የት እንደሚደርስ አይታችኋል። የማሽላ እንጀራ ትኩሱን ሲበሉት ይጣፍጣል፣ ሲያድር ይደርቃል፤ ስለዚህ ለእንግዳው ከጤፍ ጋር የተደባለቀውን፣ ለቤተሰቡ በማለዳ የተጋገረ የማሽላ እንጀራ ማድረግ ነውር የለበትም። ጠላውም በሙቀቱ ቶሎ ስለሚደርስ የደጋ ዘመዶቻችንን ቀን እየቆጠራችሁ አትጠንስሱ፤ ቀድሞ የተጠነሰሰ ለበዓሉ ይኮመጥጣል። ለልጆች በየጠርሙሱ ለስላሳ ከመግዛት ከርከዴ አፍልቶ በስኳር ማቀዝቀዝ ርካሽ ነው፤ ይወዱታልም። ዶሮ በተመለከተ፣ ቅርጫ ያለው ቤት ሁለትና ሦስት ዶሮ ማረዱ ለጎረቤት ዓይን ካልሆነ በቀር ምን ይጠቅማል? የአንድ ዶሮ 12 ብልትና በሰው ልክ የተቀቀለ እንቁላል ይበቃል።

በዚህ ደብተር ላይ እስካሁን ተጽፎ የማያውቅ ወጪ አለ፤ የእናንተ እንቅልፍ ነው። የገና ሌሊት ቅዳሴ ላይ ማን አለ? ወንዶቹና ልጃገረዶቹ። እናት ምድጃ ሥር ናት። ሽንኩርቱ ዘይት ሳይነካው ሲበስል ሰዓታት ይፈጃል፤ እሷም ጾሙን ስላልፈታች ጨዉን እንኳ ቀምሳ ማወቅ አትችልም፤ ጾም ያልጀመረ ልጅ ጠርታ «በቃው ወይ?» ትላለች። ስለዚህ ዘንድሮ ዋዜማውን በቀን ሦስት ሦስት፣ አራት አራት ሆናችሁ በአንድ ግቢ ሽንኩርቱን አብራችሁ ክተፉ፤ ቁሌቱም አብሮ ይሠራ፤ ማታ ለየቤታችሁ ትወስዳላችሁ። ዶሮ መግፈፍና እንጨት መፍለጥ የወንዶች ልጆች ሥራ ይሁን። አባቶችም ውኃ ቢቀዱ እጃቸው አይሰበርም። (ሳቃችሁን ሰምተናል፤ የምንለው ግን ከልብ ነው።) ቢያንስ ግማሾቻችሁ በዚያ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን መቆም አለባችሁ።

የሚቀረው ማዕዱ ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። ከደጋ የሚወርዱት ዘመዶቻችን መምጣታቸው በመንገዱ ሁኔታ የሚወሰን ነውና ለእነሱ ብላችሁ አስቀድማችሁ ብዙ አትጠንስሱ፤ ከመጡ ከየቤቱ ይዋጣል። ለማሽላ አጨዳ ከየሀገሩ የመጡት ልጆች ግን በዓሉን እዚሁ ነው የሚውሉት፤ የሰው ልጆች ናቸው፣ እናቶቻቸው ሩቅ ናቸው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ልጅ ቢጠራ 14 ልጅ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እኛ ያረድነውን አይበሉምና ለእነሱ ድፎ ዳቦውና ቡናው ይዘጋጅ፤ ሥጋ ይቅረብላቸው የምትል ካለች የዶሮውን ነፍስ ሳታወጣ ትስጣቸው፣ እነሱ ይባርኩት። በሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ከሱዳን ተሰድደው በመካከላችን የተቀመጡ ሴቶችም አሉ፤ በሰላሙ ጊዜ ስንቶቻችን ገላባት ተሻግረን በቤታቸው ሻይ ጠጥተናል! ለዚህ ሁሉ ከጠቅላላው ወጪ ላይ ቡና፣ ስኳርና ዱቄት ለብቻ እንያዝለት ወይስ በየቤታችን እንቻለው የሚለውን እናንተ ትወስናላችሁ። እኛ በጋራ ቢያዝ እንመርጣለን፤ በየቤቱ ሲሆን ሸክሙ ደግ በሆነችው ላይ ብቻ ይወድቃል።

ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሙሉ መደብ የምትፈልጉ በግራ፣ ግማሽ የምትፈልጉ በቀኝ ተመዝገቡ፤ ምዝገባው እስከሚቀጥለው እሁድ ክፍት ነው። የሚጻፈው የራሳችሁ ስም ነው፤ የባል ወይም የልጅ ስም አያስፈልግም። በሳምንት 600 ብሩም የሚከብዳችሁ ካላችሁ በሰው ፊት እንድትናገሩት አንፈልግም፤ ማታ ማታ ቤት ስለምንገኝ ብቅ በሉ፣ አብረን እናሰላዋለን። አሁን ጥያቄያችሁን እንስማ፤ እትዬ፣ ቀድመው እጅ ያነሱት እርስዎ ነዎት።