ዜማን እንደየወጉ ማድመጥ



ልጆቻችን በትምህርት ቤት ሙዚቃ ይማራሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ልጅ ማሲንቆ ሲያይ «ባለ አንድ ክር ብቻ?» ብሎ ይስቃል። የቄሶቻችንን ጸሎት ሲሰማም «ድምፃቸው አይገጥምም» ይላል። ይህን ልጅ አትቆጡት። እጁን ይዛችሁ የተለያየ ዜማ ወደሚሰማበት ቦታ ውሰዱት።

በመጀመሪያ በቴል አቪቭ የእስራኤል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ሲጫወት ይስማ። ይህን ኦርኬስትራ እ.ኤ.አ. በ1936 ያቋቋመው ብሮኒስላቭ ሁበርማን የተባለ የቫዮሊን ተጫዋች ሲሆን፣ ከአውሮፓ አይሁድ ሙዚቀኞችን አሰባስቦ ነው። በዚያ አዳራሽ ወጉ ዝምታ ነው። አንድ ሲምፎኒ ብዙውን ጊዜ አራት ክፍል አለው፤ በመካከሉ የሚያጨበጭብ ሰው ዓይን ይበዛበታል።

ቀጥሎ በአሽዶድ እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተውንና በ2006 የእስራኤልን ሽልማት ያገኘውን የአንዳሉስ ኦርኬስትራ አሳዩት። ከሞሮኮ የመጡ ሽማግሌዎች ፒዩቱን በቃላቸው ስለሚያውቁት አብረው ያዜማሉ። ዜማው በዝግታ ጀምሮ እየፈጠነ ሲሄድ እናቶች እልል ይላሉ። ልጃችሁ ይህን እልልታ ሲሰማ የአያቱን ሠርግ ቤት እንደሚያስታውሰው አልጠራጠርም።

እንግዲህ ወደ እኛው እንመለስ። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ቢሆንም፣ ያ ክር የፈረስ ጭራ ጥቅል ነው፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ሁሉ ይጫወታል። በጎንደር አዝማሪ ሲዘፍን አድማጩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበለዋል። ስለዚህ አድማጩ ራሱ ግማሽ ተጫዋች ነው። ይህንን ጨዋታ ከአዳራሽ ወንበር ላይ ሆነን በዝምታ ብንሰማው ግማሹን አጣነው ማለት ነው።

የቄሶቻችን ጸሎት ደግሞ ከሁሉም ይለያል፤ ትርኢት አይደለምና። አንዱ ቄስ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ እያንዳንዱ ያንኑ ዜማ በራሱ አወራረድ ስለሚያዜም ድምፆቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባሉ። ይህ የአባቶቻችን አዜማመም እንጂ ስሕተት አይደለም። የሚዘመረውም ለተመልካች ሳይሆን ለእግዚአብሔር ነው።

ወገኖቼ፤ የአንዱን ዜማ በሌላው ሚዛን መመዘን ጤፍን በክንድ እንደመለካት ነው። ከአውሮፓ የመጡት ዜማቸውን ይዘው መጡ፣ አቆሙት። ከሞሮኮ የመጡትም እንዲሁ። የእኛንስ ማን ያቁምልን? ጸሎቱን በግዕዝና በአገውኛ ሙሉ በሙሉ የሚያውቁት አባቶች ከዓመት ዓመት እያነሱ ነው።

ሲግድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የአገር በዓል ነው። በኢየሩሳሌም በአርሞን ሐናጺቭ ስንሰበሰብ ብዙ ወጣት የሚደርሰው ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመጪው ሲግድ ልጆቻችሁን በጠዋት ይዛችሁ ኑ። ከቄሶቹ አጠገብ አቁሟቸው፣ የሚባለውን በጆሯቸው ተርጉሙላቸው። ያልገባችሁን ደግሞ አብራችሁ ቄሶቹን ጠይቁ፤ የሚመልስልን ሰው ገና ሳለ።