የእንጦጦ ተራራና የየካ አየር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



«ዛፍ ዝናብ ያመጣል» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም መሐንዲስ ሊመረምረው ይገባል። በእንጦጦ ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብ አብዛኛው ከሩቅ በነፋስ ተጭኖ የመጣ እርጥበት ነው። ተራራው አየሩን ወደ ላይ እያወጣ ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥበቱም ደመና ይሆናል። ደኑ በበኩሉ የወረደውን ውሃ በአፈሩ ይዞ ያቆያል፤ ከፊሉንም በቅጠሉ በኩል ለአየር ይመልሳል። እንግዲህ መሬት ከአየር ይቀበላል፤ ለአየርም ይሰጣል።

ልውውጡን በቁጥር እንመልከተው። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ 10 ሜትር ኩብ ነው። ደን በቀን 3 ሚሊ ሜትር ወደ ተን ቢለውጥ 30 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ተን እንዲሆን 2.45 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ስለሚያስፈልግ፣ ያ ሄክታር በቀን ከ20,000 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚበልጥ ሙቀት ከአካባቢው ይወስዳል ማለት ነው። ቦታው በቆርቆሮና በአስፋልት ሲሸፈን ግን ዝናቡ በቦይ ፈጥኖ ወደ ቀበና ወንዝ ይወርዳል፤ ውሃውን ተን ያደርግ የነበረው የፀሐይ ኃይልም ጣራውን፣ መንገዱንና አየሩን ያሞቃል። የየካ ነዋሪ በክረምት ጎርፉን፣ በበጋ ሙቀቱን የሚቀበለው ከዚሁ ከአንድ ምክንያት ነው።

የባሕር ዛፍም ጉዳይ አለ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአካባቢው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ በተመናመነ ጊዜ፣ ከአውስትራሊያ የተገኘው ይህ ዛፍ ከተማይቱን በቦታዋ አጽንቷታል። ውለታው አይካድም። እርሱም እንደ ሌላው ዛፍ አየሩን ያቀዘቅዛል። ነገር ግን በበጋ ምንጮችን ይመግብ የነበረውን የአፈር ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ የረገፈው ቅጠሉም ለማገዶ ስለሚጠረግ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ቅጠሉን በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ተወቃሾች አይደሉም፤ ሌላ ማገዶ ወይም ሌላ እንጀራ ሳይገኝላቸው ተራራው ሊለብስ አይችልም።

ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ መንቀል አፈሩን ለጎርፍ መስጠት ይሆናል። የሚሻለው ከምንጮችና ከሸለቆዎች ጀምሮ በጽድ፣ በወይራና በኮሶ ቀስ በቀስ መተካት ነው። የእኛ ድርሻ ደግሞ በእያንዳንዱ ንድፍ ላይ «ይህ መሬት ይዞት የነበረው ውሃ ከእንግዲህ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ነው። እንጦጦ በደቡብ በኩል ለአዋሽ፣ በሰሜን በኩል ለዓባይ ውሃ የሚያካፍል ተራራ ነውና፣ መልሱን የሚጠብቀው የካ ብቻ አይደለም።