ግድግዳ ላይ የተጻፈ ደንብ
(የመንደራችን የንባብ ክበብ አዲስ መጽሐፍ ሲጀምር ከተደረገ ንግግር)



ክበባችን ከዛሬ ጀምሮ የሚያነበው የእንግሊዛዊውን የጆርጅ ኦርዌልን «አኒማል ፋርም» በአማርኛ ትርጉሙ ነው። አንዳንድ አሳታሚዎች በጦርነቱ ወዳጅ የነበረችውን ሶቪየት ኅብረትን እንዳያስቀይም ፈርተው መልሰውት ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. ታተመ። የአንድ እርሻ እንስሳት ሰካራም ጌታቸውን አባረው ራሳቸውን ማስተዳደር ይጀምራሉ። ቀስ በቀስ ግን አሳማዎቹ ጌታ ይሆናሉ።

ሰምና ወርቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ የተሰበሰበው ወርቁ ስለገባቸው ነው። ስለዚህ «ይሄ አሳማ እገሌ ነው» መባባላችን አይቀርም። ናፖሊዮን የተባለው አሳማ ስታሊን ነው፤ ይህ ያንድ ምሽት ጨዋታ ነው። እኔ ግን ግድግዳውን እንድታዩልኝ እለምናለሁ።

እንስሳቱ ሰባት ደንብ አውጥተው በጎተራው ግድግዳ ላይ ያጽፋሉ። ማን ያነበዋል? ጉልበተኛው ፈረስ ቦክሰር ከአራት ፊደል አላለፈም። (በእኛ ቢሆን «ሀ ሁ ሂ ሃ» ላይ ቀረ ማለት ነው።) ባዝራዋ ክሎቨር ፊደል ብትለይም ቃል መግጠም አቃታት። አህያው ቤንጃሚን አሳምሮ ያነባል፤ ግን «ምን አገባኝ» ባይ ነው። አሳማዎቹ አልጋ ላይ መተኛት ሲጀምሩ ክሎቨር ደንቡ ትዝ ይላታል። ፍየሏን ብታስነብብ ምን ተገኘ መሰላችሁ? የተከለከለው አንሶላ ያለው አልጋ ብቻ ሆኖ ቁጭ! ግድግዳው ላይ ካለማ እውነት ይሆናል ብላ ተመለሰች። አህያው ድምፁን አውጥቶ ያነበበው ቦክሰርን በጫነው ጋሪ ላይ የተጻፈውን ሲያይ ነው፤ የፈረስ አራጅ ጋሪ ነበር። ያኔ ረፍዷል።

እኛስ? በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሲዳምኛ ነበር። ያኔ ፊደል የቆጠራችሁ እዚህ ትኖራላችሁ። ታዲያ የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ ስንቶቻችን አንብበነዋል? እኔ በበኩሌ ያነበብኩት ቅጣት ሲመጣብኝ ነው!

እዚሁ ጉዱማሌ፣ በፊቼ ጨምበላላ ሽማግሌዎች በሐሰት አትመስክሩ ብለው ሲመክሩ ቃሉ በየሰዉ ጆሮ ይገባል። በሲዳማ «አፊኒ» ሥርዓትም ከውሳኔ በፊት «ሰማችሁ ወይ?» ይባላል። ሁሉ የሰማውን ቃል ሌሊት መሰላል አቁሞ በቀለም መለወጥ ይከብዳል። ኦርዌል እንስሳት ዘንድ ይህን የሚጠይቅ አልነበረም። እርግጥ የሰማም ይረሳል፤ በጎቹን ታዩአቸዋላችሁ።

እንግዲህ የምናነበው ጮክ ብለን ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች መጥተው ያዳምጡ፣ ያስቁሙን፣ ይጠይቁን። ለሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ምዕራፍ እንጨርስ፤ ደንቦቹ የሚወጡት እዚያ ነው። ሰባቱን ገልብጠን በዚህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን፤ በየምዕራፉ መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ጋር እያስተያየን እንሄዳለን። ወረቀቱን ሌሊት ማንም «እንዳያርመው» አደራ!