የከበረው ድንጋይና የከበረው ፍጥረት
(በአቀስታ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተደረገ ንግግር)



አዳም ገነትን እንዲሠራት ብቻ ሳይሆን እንዲጠብቃትም ታዝዟል (ዘፍ. 2፥15)። በደላንታ ገደሎች ኦፓል ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል፤ ስለዚህ ቁፋሮን አናወግዝም፤ ሥርዓት ይኑረው እንላለን።

በእኛ ወገን የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የደንቆሮን ጫካ ይዞ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን አስጠግቷል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም፤ የደረሱት ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ኑሮው የውርጭ አይጥን አድኖ ነው። ጓሳው በመንገድና በድንጋይ ካባ ሲቆራረጥ አይጡ ይጠፋል፤ ሰውን ተከትሎ የሚመጣው ውሻም የእብድ ውሻ በሽታን ያጋባበታል።

አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እንዲደረግ ያዝዛል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ቆፋሪ ሲመጣ ግምገማውን ይጠይቁ፤ የላይኛው አፈር ለብቻው ተከምሮ ጉድጓዱ ሲደፈን እንዲመለስ ከቀበሌው ጋር ሆነው በውል ያስጽፉ፤ ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ድንጋይ ከየት እንደተፈለጠም ይመርምሩ። ከሌላው የምንጠይቀውን በራሳችን ካልፈጸምን ቃላችን አይሰማም።

በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ጽድና ወይራን ጠብቀው ያቆዩ አባቶች ልጆች ነንና፣ ጥበቃችን ከቅጥሩ ውጭም ይዝለቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።