የእናቴ ባለወርቅ ብርጭቆ
(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው «ስለ እናትህ ብርጭቆ ተናገር» ቢለኝ፣ ባለሱቅ ደግሞ ምን ይናገራል ብዬ ነበር። ብርጭቆዋ ይችው ጠረጴዛው ላይ ናት።

በቤታችን የሚነገረው እንዲህ ነው። በ1888 ዓ.ም.፣ ከአድዋ ድል በኋላ፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኞችን ሊያክሙ አዲስ አበባ ሲመጡ ቅድመ አያቴ በበቅሎ ጫኝነት አገለገሏቸው። ሲመለሱ ይህችን ሰጧቸው። የሐኪሞቹ መምጣት በታሪክ የታወቀ ነው። ለብርጭቆዋ ግን ከእናቴ ቃል በቀር ምስክር የላትም።

በዚያ ዘመን ተራው ሰው የሚጠጣው በዋንጫና በቅል ነበር። ብርሌ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የመኳንንት ዕቃ ነው፤ ጌታው ሲጠጣም በሸማ ይጋረዳል። ሩሲያም የነገሥታት ብርጭቆ ለብቻው ነበረ። በፒተርስበርግ የነበረው የመስተዋት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1792 ከመስፍን ፖተምኪን ወደ ዘውዱ ተላልፎ ለቤተ መንግሥት ይሠራ ነበር። ባለሙያዎቹ በሚሽከረከር ትንሽ መንኰራኩር መስተዋቱን እየፋቁ የንጉሡን ስም ፊደልና ባለሁለት ራስ ንስር ይቀርጹበታል፤ ወርቅም ይቀቡታል።

ታዲያ ባለሁለት ራስ ንስር ያለበት ሁሉ የሩሲያ አይደለም። የኦስትሪያ ነገሥታት ዓርማም ያው ነበር፤ በብርጭቆ የታወቀችው ቦሄሚያ ደግሞ በእነሱ ሥር ነበረች። የሩሲያው የሚለየው በደረቱ ላይ ዘንዶ የሚወጋ ፈረሰኛ ስላለው ነው፤ የእኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ማለት ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ማኅበራችን ተመሥርቶ እዚሁ ኦዳ የመጀመሪያው ግብዣ ሲዘጋጅ፣ ብርጭቆዋ ታብራ ብዬ በአመድና በሎሚ አሸኋት፤ አልበቃኝም፣ በሽቦ ደገምኩ። የንስሩ ክንፍ የተቀረጸ ስለሆነ ቀረ። ደረቱ ላይ የነበረው ግን በወርቅ ብቻ የተሣለ ኖሮ ከአመዱ ጋር ሄደ። እናቴ አገላብጣ አየችና «አበራሃት» አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ዛሬ የሻይ ብርጭቆ ባለወርቅ ጠርዝ ለሚገዛኝ ሁሉ «በለስላሳ ጨርቅ እጠቡ፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ አታግቡ» እላለሁ። ደንበኞቼ ነገረኛ ነው ይሉኛል።

አምና አንድ ገዢ ከናይሮቢ መጥቶ ነበር። የልጄ የኮሌጅ ክፍያ የደረሰበት ወር ነው። በማጉያ መስተዋት አየና «ደረቱ ላይ ምን ነበር?» አለኝ። ፈረሰኛ ነበር ብል ዋጋው ሌላ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ያህል ያየሁትን ነገር፣ ፈረሰኛ ይሁን ጋሻ ማስታወስ አቃተኝ። አላውቅም አልኩት፤ እሱም ሄደ።

ከግብዣው በፊት በእናቴ ቤት ቡና የጠጣችሁ እዚህ አላችሁ። ብርጭቆዋ ከረከቦቱ በላይ፣ መደርደሪያው ላይ ነበረች። ፈረሱን ያያችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከምሳ በኋላ ንገሩኝ።