ንብንና ተርብን ሳያጠፉ ከመኖሪያ ቤት ስለ ማራቅ የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ትንሽ መስሎ ይታይ ይኾናል። ዳሩ ግን መስከረም ጠብቶ አደይ ከፈነዳ በኋላ የንብ መንጋ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ የገባበት መምህር፤ ወይም በደጁ የታሰረች አህያው በንብ ተነድፋ የሞተችበት ገበሬ፤ ነገሩን ትንሽ ነው አይለውም። ንብ በአንድ ወገን ሀብት ናት፤ ማሯ ለጠጅና ለመድኃኒት፤ ሰሟ ለጧፍ ይኾናል፤ የኑጉንና የባቄላውን አበባ እየዞረች ፍሬ እንዲይዝ የምትረዳውም እርስዋ ናት። በሌላ ወገን ግን የተቈጣች እንደ ኾነ ሕፃንን ለሞት ታደርሳለች። ስለዚህ ጥያቄው እንዴት እናጥፋት የሚል ሳይኾን፤ እርስዋ በቦታዋ እኛም በቦታችን እንድንኖር ምን እናድርግ የሚል ነው።

አስቀድሞ የሚነድፈውን ለይቶ ማወቅ ይገባል። ንብ ጠጕራም ናት፤ ምግቧም የአበባ ጣፋጭ ውሃና ብናኝ ነው፤ ሰውን ስትነድፍ መንደፊያዋ ከሥጋው ተሰክቶ ይቀርና እርስዋ ትሞታለች። ተርብ ግን ወገቧ ቀጭን፤ ገላዋ ልሙጥ ነው፤ መንደፊያዋ ስለማይቀር ደጋግማ ትነድፋለች። ከተርብም ወገን ብቻዋን የምትኖር፤ በግድግዳና በመስኮት ጥግ የጭቃ ጎጆ የምትሠራ አለች። ይህች ሸረሪት እያደነች ለልጆቿ ስንቅ ወደ ጭቃው ቤቷ ታገባለች፤ ሰውንም በእጁ ካልጨበጣት በቀር እምብዛም አትነድፍም። እርስዋን ለማባረር መድከም ከንቱ ነው፤ ጎጆው ግድግዳውን አቈሸሸ የሚል ሰው ባዶውን ፍቆ መጣል ይበቃዋል። የሚያሰጋው በጣሪያ ጠርዝ ሥር ተንጠልጥሎ የሚታየው፤ ተርቦች እንጨት እያላመጡ እንደ ወረቀት አድርገው የሚሠሩት ቤት ነው። ይህም ሲጀመር የአንዲት ወይም የጥቂት ሴት ተርቦች ሥራ ስለ ኾነ፤ ገና የአውራ ጣት ጥፍር ሲያህል፤ ማታ ብርድ ሲይዛቸው፤ በረጅም እንጨት ጠርጎ ማውረድ ቀላል ነው። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ጣሪያውን ዞሮ ያየ ሰው ከትልቅ ተርብ ቤት ጋር አይጣላም። ቤቱ ከሰፋ በኋላ ግን፤ ሰው በማይመላለስበት ስፍራ ከኾነ መተው ይሻላል፤ ተርብ የጎመኑን አባጨጓሬ የምትለቅም ናትና።

ወደ ንብ እንመለስ። ንብ ወደ ሰው ቤት የምትቀርበው ማደሪያ ስትሻ፤ ወይም ውሃ ሲጠማት፤ ወይም ጣፋጭ ሲሸታት ነው። አበባ ሲበዛና ቀፎው ሲጠባቸው፤ አሮጊቲቱ አውራ ብዙውን ሠራዊት ይዛ ትወጣለች። አውራ እንላታለን እንጂ እንስት ናት፤ የቀፎው ኹሉ እናት እርስዋ ናት፤ አባቶች ስሙን ለሹመቷ ሰጧት እንጂ ለጾታዋ አይደለም። የወጣውም መንጋ ከቅርንጫፍ ወይም ከአጥር ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ ያርፋል፤ ከመካከላቸውም መልክተኞች እየወጡ ቤት ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ የሚጠብቁት ልጅም ማርም ስለሌላቸው፤ ካልነኳቸው በቀር ሰውን እምብዛም አይነኩም። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰዓት፤ ቢዘገዩም በጥቂት ቀን ተነሥተው ይሄዳሉ። ስለዚህ መምህሩ ልጆቹን ማራቅ፤ በአጠገቡ የታሰረ ከብት ቢኖር ማስፈታት፤ ቀፎ ያለውንም ሰው ማስጠራት ይገባዋል እንጂ፤ ድንጋይ ማስወርወር ወይም ችቦ ማቀጣጠል አይገባውም። በችቦ ንብ አባርራለሁ ብሎ የሣር ክዳኑን ያቃጠለ ሰው ዐውቃለሁ፤ ንቦቹ ከጎረቤት ዋርካ ላይ ዐረፉ፤ እርሱ ግን ቤቱን እስኪሠራ ድረስ ከዘመድ ቤት ተጠጋ።

ከዚህ ኹሉ በፊት የሚበልጠው ሥራ ቀዳዳን መድፈን ነው። ንብ 6 ሚሊ ሜትር ያህል በምትኾን ቀዳዳ መግባት ይቻላታል። በነሐሴ መጨረሻ፤ መንጋ የሚወጣበት ወራት ሳይደርስ፤ የግድግዳውን ስንጥቅ ጭድ በገባበት በቦካ ጭቃ መምረግ፤ ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበትን ክፍት መዝጋት፤ የተሰነጠቀ ጋንና ባዶ ቅል ሜዳ ላይ አለመተው ነው። ልጆች ይህን ሥራ ከመምህራቸው ጋር ቢሠሩት የእጅ ሥራ ትምህርት ይኾናቸዋል። በዚያው ወራት ከቤት ራቅ ባለ ዛፍ ላይ አሮጌ ሰም የተቀባ ባዶ ቀፎ መስቀል ይገባል፤ የሰም ሽታ መንጋን ስለሚጠራ፤ ከግድግዳ ይልቅ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ባለቤቱም ንብ አገኘ ማለት ነው።

መንጋው ከግድግዳ ከገባ በኋላ ግን ቀዳዳውን አትድፈኑባቸው። ንቦቹ ሌላ መውጫ ሲፈልጉ ወደ ቤት ውስጥ ይወጣሉ፤ ከውስጥ የቀረውም ማር ጕንዳንና አይጥ፤ ሌላም ንብ ይጠራል። ንብ አናቢ ማታ መጥቶ ኩበት እያጤሰ፤ ግድግዳውን ከፍቶ፤ እንጀራውን ቈርጦ አውራይቱን ወደ ቀፎ ቢያገባት ሠራዊቱ ይከተላታል። ጢስም የሚጠቅመው ንቦቹን ስለሚያቃጥል አይደለም። ጢስ ሲሸታቸው ስደት የመጣ መስሏቸው ሆዳቸውን በማር ይሞላሉ፤ ለጠብም ይከብዳሉ። ከወጡ በኋላ የቀረውን ሰም በሚገባ ፍቆ፤ በዐመድና በሙቅ ውሃ አጥቦ፤ መምረግ ነው፤ ይህ ካልተደረገ በሚመጣው ዓመት ሌላ መንጋ ያንኑ ሽታ ተከትሎ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት ግድ ነው። በአገራችን ንብ ከቤቱ የገባችለት ሰው ሲሳይ መጣልኝ እያለ ሳይነካት የሚተው አለ። ልማዱ ከክብር የመጣ ነው፤ ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንብ እንደ ከበበው ይተረካል፤ ከላሊበላ ብዙ በማይርቀው በብልባላ ጊዮርጊስም ንብ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እንደምትኖርና ማሯ ለሕሙማን እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ይህን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን 40 ልጆች ፊደል የሚቈጥሩበት ክፍል ቤተ መቅደስ አይደለም፤ ሲሳዩን ወደ ቀፎ አዛውሮ ከጓሮ ማኖር ሲሳይን መግፋት ሊባል አይችልም። በጓሮም ቢኾን የቀፎው አፍ ወደ መንገድና ወደ ከብት ማሰሪያ አይዙር፤ በፊቱም ከሰው ቁመት የሚበልጥ የቍጥቋጦ አጥር ቢተከል፤ ንቦቹ ወደ ላይ ተነሥተው ከሰው ራስ በላይ ያልፋሉ።

በበጋ ንብ ወደ እንስራውና ወደ ልብስ ማጠቢያው የምትመጣው ውሃ ፍለጋ ነው። እርስዋን በመጥረጊያ ከማሳደድ ይልቅ፤ ከቤቱ ራቅ አድርጎ በሰፊ ገበቴ ውሃ አኑሮ፤ እንዳትሰጥም ጠጠር ጨምሮበት፤ ሳይደርቅ መጠበቅ ነው። ንብ አንድ ጊዜ የለመደችውን ውሃ ስለማትተው፤ ገበቴው በጋው ሳይጠና መቀመጥ አለበት፤ የቤቱም እንስራ ይከደን። ጠጅ የሚጥል ቤትም ሰፈፉንና አንቡላውን ሜዳ ላይ አይድፋ፤ ይቅበረው። ማርም በቀን በገላጣ ቦታ አይነጠር፤ የሸተታት ንብ ጓደኞቿን ይዛ ትመለሳለችና።

ስለ ሽታ ቅጠሎች ብዙ ይባላል፤ እኔ ግን በዚህ ነገር ከብዙ ሰው አልስማማም። በሶብላና የጥብስ ቅጠል ከደጅ ቢተከል ንብን ያባርራል ይላሉ፤ ነገር ግን እነዚህ ባበቡ ጊዜ ንብ ተሰብስባ የምትቀስማቸው ናቸው። ጠጅ ሳር ደግሞ ይብሳል፤ በውስጡ ያለው ሽታ ንቦች እርስ በርሳቸው ለመጠራራት ከሚያወጡት ሽታ ጋር አንድ ወገን ስለ ኾነ፤ መንጋ የሚፈልግ ንብ አናቢ ቀፎውን ያሽበታል። እንግዲህ ቅጠሉን ለመዓዛውና ለወጡ ትከሉት፤ ከመስኮትና ከበር ግን አርቁት።

የቀረው፤ ይህ ኹሉ ተደርጎ ንብ የተነሣች እንደ ኾነ የሚደረገው ነው። አንዲት ንብ በነደፈች ጊዜ ከመንደፊያዋ የሙዝ ሽታ የሚመስል ሽታ ይወጣል፤ ይህም ለሌሎቹ የክተት ዐዋጅ ነው። በ1962 በፈረንጆች አቈጣጠር ሊቃውንት ይህ ሽታ ከምን እንደ ኾነ ለይተው ዐውቀዋል። ስለዚህ የተነደፈ ሰው እጁን እያወናጨፈ ከዚያው አይቁም፤ ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ሮጦ ከቤት ይግባ፤ በሩንም ይዝጋ። ከወንዝ መዝለል አይረዳም፤ ራሱን እስኪያወጣ ይጠብቁታልና። መንደፊያው ከሥጋ ከገባ በኋላ መርዙን መርጨቱን አይተውም፤ ስለዚህ ወዲያው መንቀል ነው። በጥፍር ወይስ በቢላ ጀርባ እየተባለ ብዙ ተከራክረውበታል፤ በ1996 በፈረንጆች አቈጣጠር የታተመ ምርመራ ግን ከአነቃቀሉ ይልቅ ፍጥነቱ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ቦታውን በሳሙና አጥቦ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ማድረግ ነው።

የነደፈው ቦታ ብቻ ቢያብጥ አያስደነግጥም። ከንፈርና ምላስ ካበጠ፤ መላ ገላው ሽፍ ካለ፤ ትንፋሽ ካጠረው፤ ወይም ራሱን ከሳተ ግን፤ አንዲት ንብ ብቻ ነድፋው ቢኾንም፤ በቤት መድኃኒት ሳይዘገዩ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ለዚህ የሚረዳው አድሬናሊን የተባለው መርፌ ነው። ብዙ ንብ የነደፈው ሕፃንም ምንም ደኅና ቢመስል እንዲሁ ይወሰድ። ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ተማሪ ቢኖር፤ መምህሩ ትምህርት በሚከፈትበት ሳምንት ከወላጆቹ ጠይቆ ከመዝገቡ ላይ በስሙ አጠገብ ይጻፈው።